የአቶ ወልደመስቀል ናፕኪን

ሚልክያስ ሶዶ ውስጥ ወረቀት ያትማል። መጽሐፍ ወይም ጋዜጣ አይደለም፤ ናፕኪንና ሌላም ለቤት የሚሆን ስስ ወረቀት ነው። ደንበኛው በስልኩ ድረ ገጹን ይከፍታል፣ የወረቀቱን ዓይነት ይመርጣል፣ ያሻውን ጽሑፍ ወይም ፎቶ ይጭናል፣ ያዝዛል። የቀረው የማሽኑ ሥራ ነው። ድረ ገጹን የሠራችለት እህቱ ሃይሚ ናት።

አብዛኛው ትእዛዝ የሠርግ ነው። የሙሽሮቹ ስም፣ ቀለበት፣ አበባ። ስለዚህ ከበዴሳ የገባውን ትእዛዝ ሲከፍት መጀመሪያ ስህተት መሰለው። ፎቶው ላይ ያሉት ኮፍያ ያደረጉ፣ ጢማቸውን የተከረከሙ ሽማግሌ ናቸው። ከሥሩ «የአቶ ወልደመስቀል ሙት ዓመት» ይላል። የተመረጠው ወረቀት ናፕኪን ነው።

አቶ ወልደመስቀልን ያውቃቸዋል። በዴሳ ውስጥ እሳቸውን የማያውቅ አልነበረም። ስመ ጥር የእህል ነጋዴ ነበሩ፤ የተጣላ ያስታርቁ ነበር፤ የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ ያስለበሱትም እሳቸው ናቸው።

«ሃይሚ፣ ሰው እኮ በዚህ አፉን ሊጠርግበት ነው» አላት።

«እኛ የምናትመው ደንበኛው የነደፈውን ነው» አለች። «ከከበደህ ደውለህ ንገራቸው።»

ሊደውል አስቦ ነበር። ቀድመው የደወሉት ግን ያዘዙት ሴት፣ የሟቹ ባለቤት እትዬ ፈጠነች ናቸው።

«ልጄ፣ ቀለሙ ወጥ ሲነካው ይለቃል?»

«አይለቅም፣ እትዬ። ፊታቸው እንዳለ ይቆያል።»

«ጥሩ። ፊቱን መሃል ላይ አድርግልኝ። ሲታጠፍ ጥግ ላይ እንዳይቀር።»

ድምፃቸው የረጋ ነበር። ሐዘን ያደከመው ሰው ድምፅ ነው ብሎ አሰበ። ያኔ መናገር ይችል ነበር። ግን የሠርግ ሥራ ተደርቦበት ነበርና ስልኩን ዘግቶ ማሽኑን አስነሣ።

በሙት ዓመቱ ዕለት ካርቶኖቹን ሚኒባስ ላይ ጭኖ ራሱ በዴሳ አደረሰ። እትዬ ፈጠነች «ሳትቀምስ አትሄድም» ብለው ዳሱ ውስጥ አስቀመጡት።

የፈራው ሆነ። እንግዳው ይበላል፣ ናፕኪን ይመዝዛል፣ አፉን ይጠርጋል፣ ጨምድዶ ይጥላል። ጠዋት ዝናብ ጥሎ ስለነበር መሬቱ ጭቃ ነው። አቶ ወልደመስቀል ከየወንበሩ ሥር ወደ ላይ ያያሉ። ቀለሙ በእርግጥም አልለቀቀም። አስተናጋጆቹ ድስት ይዘው ሲመላለሱ ይረግጧቸዋል። አንድ ቄስ የደረሳቸውን ናፕኪን ሳይጠቀሙበት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት።

የሟቹ ታናሽ ወንድም አቶ አድነው ግን ከእግራቸው ሥር አንዱን አንሥተው ጭቃውን በመዳፋቸው ጠረጉለት።

«ይህን የሠራው ማነው?» አሉ።

ሚልክያስ አንገቱን ደፋ። አቶ አድነው መልስ ሳይጠብቁ ዳሱን ጥለው ወጡ።

እትዬ ፈጠነች በሩ ላይ ተቀምጠዋል። በትዳራቸው ዘመን ተሰብሮ ሳይቃና የቀረውን ግራ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኑረው ከእንግዶቹ ዓይናቸውን አይነቅሉም። አላለቀሱም። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ አስተናጋጆቹ ዞረው፣

«ሌላ ካርቶን ክፈቱ። የሰዉ እጅ ቅባት ነው» አሉ።

ሐዘናቸውን ዋጥ አድርገው እንግዳ ማስተናገዳቸው የሚልክያስን አንጀት በላው።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣ። ማሽኑን ባስነሣ ቁጥር እነዚያ ፊቶች ይመጡበታል። እሑድ ከመዘምራኑ መሃል ቆሞ ድምፁ አልወጣም።

«ሐዘንተኛ ሴት በገዛ ዳሳቸው አዋረድኩ» አላት ሃይሚን። «አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር።»

ሃይሚ የሰው ፊት በናፕኪን ላይ ለማተም የሚፈልግ ሁሉ ደግሞ እንዲያስብበት የሚል ማሳሰቢያ ድረ ገጹ ላይ ለጠፈች። ሚልክያስን ግን ይህ አላሳረፈውም። የአቶ ወልደመስቀልን ፎቶ በትልቁ አሳጥቦ፣ ጥሩ ፍሬም አስገብቶ ወደ በዴሳ ተመለሰ።

እትዬ ፈጠነች ብቻቸውን ነበሩ። ሳሎኑ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ግድግዳው ላይ የባለቤታቸው ፎቶ አልነበረም። እንኳን ይዤ መጣሁ አለ በልቡ።

ፍሬሙን ተቀበሉት፤ ጥቂት አዩት፤ ከዚያም ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙረው ከሶፋው ኋላ አቆሙት።

«መስተዋቱ እንዳይሰበር» አሉ።

«እትዬ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ሰው እንደሚረግጣቸው አውቅ ነበር። አውቄ ዝም አልኩ።»

ቁልቁል አዩት።

«አድነው ነው የላከህ?»

«የላከኝ የለም። ኅሊናዬ ነው።»

«አንተ ምንም አላጠፋህም፣ ልጄ። እንዳዘዝኩህ ነው የሠራኸው።»

ቢቆጡት ይሻለው ነበር። ደግነታቸው ባሰበትና እንባው መጣ። እትዬ ፈጠነች በቀኝ እጃቸው ውሃ አቀበሉት፤ እስኪረጋጋም አጠገቡ ተቀመጡ። ሲወጣ እስከ ግቢው በር ሸኙት።

«ሌላ ዓይነት ወረቀትም ትሠራላችሁ አይደል?» አሉት።

«የፈለጉትን፣ እትዬ። አሁን የሚያዙኝን ከልቤ ነው የምሠራልዎ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አሉ። ሚልክያስ ወደ ሶዶ ሲመለስ ደረቱ ቀለል ብሎት ነበር። ሴትየዋ የባላቸውን ክብር የሚመልስ ነገር አስበዋል፤ እሱም በዚያው ይካሳል።

ትእዛዙ በሳምንቱ ገባ። ሃይሚ መጀመሪያ አይታው ነበር፤ ስክሪኑን ወደ እሱ አዞረችለት።

ፎቶው ያው የአቶ ወልደመስቀል ነው፤ እትዬ ፈጠነች የመረጡት ወረቀት ግን የሽንት ቤት ሶፍት ነበር።