ለጊዜው

ኢንጂነር ፋብሪሲዮ በሊማ ከተማ በሚገኘው የጠፉ ዘመዶች አፈላላጊ ማኅበር እንደተቀጠረ፣ መዝገብ ቤቱን አይቶ በአፍንጫው ሳቀ። የመዝገብ ቤቱ አሮጊት ሠራተኛ ዶኛ ኤርሜሊንዳ ጦርነቱ የበተናቸውን ወንድምና እህቶች ሠላሳ ዓመት በካርድ ስታያይዝ ኖራለች። እግሯ ሥር የአበባ ጣሳ የተሸከመ፣ ከቢሮው ኔትወርክ ጋር የተያያዘ አሮጌ ኮምፒውተር አለ። ፓንቺታ ብላዋለች፤ ስሙም ተለጥፎበታል።

«ቆርቆሮም ክርስትና ይነሳል እንዴ፣ እማማ?» አላት።

እሱ የሚተክለው ሰውን በነጥብ፣ ዝምድናን በመስመር የሚወክል የመረጃ ቋት ነው። ቋቱ የራሱ ማከማቻ ጓዳ የለውም፤ የት እንደሚያስቀምጥ ባለሙያው ይነግረዋል። አዲሱ ሰርቨር ሲደርስ መረጃ የሚያዝባቸው ዲስኮቹ በካያዎ ወደብ ጉምሩክ ተይዘው ነበር። ፋብሪሲዮ ግን ብልሃት አያጣም፤ በዚያው ቀን ሥራውን ለዳይሬክተሯ ለሴኞራ ኦሊንዳ አሳይቶ ተጨበጨበለት። ዲስኮቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ መጡ፤ በገዛ እጁ ገጠማቸው።

ከዚያ ሦስት ወር ኤርሜሊንዳ ካርድ ስታነብ፣ እሱ ሲያስገባ ከረሙ። አንድ ዝምድና ባስገባ ቁጥር ፓንቺታ ታጓራለች። አሮጊቷ እሱን ለማናደድ በእግሯ የምትነካካት መሰለው።

ሥራው ያለቀ አርብ፣ ቆራሌው በባለሦስት እግር ጋሪው ሲያልፍ ፋብሪሲዮ ጠራው። ካርዶቹንም ፓንቺታንም አስጫነ።

«እሷን እንኳ ተዋት፣ ልጄ» አለች ኤርሜሊንዳ። «ስንት ተሸክማለች።»

«የተሸከመችው አበባ ነው። እሱን ይውሰዱ።»

ቅዳሜ ኤርሜሊንዳ ቢሮውን ብቻዋን ከፍታ ስትገባ ዘበኛው አያት።

ሰኞ ጠዋት፣ ከዋንታ ከተማ በአውቶቡስ የመጣች ሴት የወንድሟን አድራሻ ልትቀበል ተቀመጠች። ፋብሪሲዮ ስሟን ጻፈ። ባዶ። ሌላ ስም ሞከረ። ባዶ። ዲስኮቹን ፈተሸ፤ አንዳች ጭረት የለባቸውም፣ እንደተገዙ ንጹሕ ናቸው።

«መረጃውን ጠርጋዋለች» አለ ኤርሜሊንዳን እያመለከተ። «መሥራት ያልቻለ እጅ ማጥፋት አያቅተውም። ቅዳሜ ምን ልታደርጊ መጣሽ?»

«አበባዬን ልወስድ።»

ፋብሪሲዮ ሳቀ። ሴኞራ ኦሊንዳ የኤርሜሊንዳን የስንብት ደብዳቤ አስጻፈች፤ የአሮጊቷ ጡረታም አብሮ ሊቀር ሆነ። ከመፈረሟ በፊት ግን ለማስረጃ ያህል፣ ቋቱ የት እንዲያስቀምጥ እንደታዘዘ ጮክ ብሎ እንዲያነብላቸው ጠየቀችው። ፋብሪሲዮ ከመጀመሪያው ሳምንት ወዲህ ያልነካውን የቅንብር ፋይል ከፈተ። ወዲያው መልሶ ሊዘጋው እጁን ሰደደ።

ኤርሜሊንዳ መነጽሯን አድርጋ በትከሻው ላይ ጎንበስ አለችና፣ እንደ ካርዶቿ ቀስ ብላ አነበበች፦

«ማከማቻ፦ ፓንቺታ። ለጊዜው ነው፤ ዲስኩ ሲመጣ ይቀየራል። ፋብሪሲዮ።»