መብራት የሄደ ዕለት

ሐኪሙ ሲያወራ ዐይኑ ከልጇ ከስንዱ ላይ አልነቀል ማለቱ አሮጊቷን አንገበገባት። የሚታከመው ፊት የእሷ፣ ምክሩ ለልጇ! ፊደል አልቆጠረች ይሆናል፤ ጆሮዋን ግን ማንም አልቆረጠውም። ነጭ ቆዳ ይዛ የተወለደች አልቢኖ ናትና ሰባ ዓመት ሙሉ ፀሐይ ስትለበልባት ኖራለች። አሁን ግንባሯ ላይ የወጡት ሻካራ ምልክቶች ካልታከሙ ወደ ካንሰር እንደሚዞሩ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ እኅቷን የገደላት እሱ ነው።

ቅባቱ የሚሠራው ብርሃን ሲያገኘው ነው ተባለና፣ ግንባሯን ቀብተው ባለ መብራቱ ማሽን ፊት አስቀመጧት። ማሽኑ ሊበራ ሲል መብራት ሄደ።

"ባለፈውም እንዲሁ ነው የመለሳችሁኝ!" ብላ ተነሣች፤ ተቀመጠች፤ ደግሞ ተነሣች።

"ምን ላድርግ እማማ? በሚቀጥለው ወር ይምጡ።"

"ብርሃን ነው የቸገረህ? ደጁ በፀሐይ እየነደደ!"

"ኧረ እማዬ፣ ተይ!" አለች ስንዱ አፍራ።

"ፀሐይማ ጠላትዎ ናት" ብሎ ሐኪሙ ሳቀ። ነገሩ ግን ከነከነውና ሕክምና ላስተማሩት ሐኪም ስልክ ደወለ። ሲያዳምጥ ሳቁ ከፊቱ ላይ ጠፋ።

"ይቻላል አሉ። ጎጂውን ጨረር ከልክሎ ብርሃኑን የሚያሳልፍ የፀሐይ መከላከያ ተቀብተው ሁለት ሰዓት ደጅ መቀመጥ ነው። አይፈሩም ግን?"

"ምን እፈራለሁ? ያቆሰለ ያሳክም አይደል ሕጉ? ሰባ ዓመት ያቆሰለችኝ እሷ፤ ዛሬ ታሳክመኝ! በል፣ ወንበሩን አንሣና ደጅ አውጣልኝ!"