ለቱባው የተጻፈ ዜማ

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቀርቶ የመስቃን በርበሬ ማሳው ላይ ደረቀ። ሠርግ የሚደግስ ጠፋ፤ የቡታጅራው ማርሽ ባንድም ሥራ ፈታ። የባንዱ መሪ ምንተስኖት በእነዚያ ወራት አዲስ ሙዚቃ ጻፈ። አሁን ሕዝብ በሞላበት ሜዳ ቆሞ ሙዚቃውን እየመራ፣ የሚፈራው የሙዚቃው ክፍል ላይ ደረሰ። እዚህ ላይ ትራምፔቶቹ ዝም ይሉና ዜማውን ቱባው፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ትልቁ የትንፋሽ መሣሪያ፣ ብቻውን ይይዛል። ቱባ ነፊው ዑመይር ግን ድሮ ከተበተነው የጦር ሠራዊት ባንድ ጀምሮ ከትራምፔት ኋላ ቡም ቡም ሲል የኖረ ሰው ነው። እነሱ ሲያቆሙ ያቆማል። በልምምድም ሁልጊዜ አቁሟል።

ጠዋት ዑመይር፣ "ለትራምፔት ስጠው፤ በሽበቴ አታዋርደኝ" ብሎት ነበር።

"አንድ ቀን ዜማውን ላንተ እሰጣለሁ ብዬ ቃል ገብቻለሁ።"

"ያኔ ልጆች ነበርን። ለቀልድ ነው የጠየቅኩህ።"

"እኔ ለቀልድ አልመለስኩልህም።"

ትራምፔቶቹ ቆሙ። የዑመይር ከንፈርም እንደ ልማዱ ከቱባው ተነሳ። ሕዝቡ ያለቀ መስሎት አጨበጨበ። ምንተስኖት ወደ ዑመይር የዘረጋውን እጁን አላወረደም። ጭብጨባው በረደ፤ እጁ ግን እንደተዘረጋ ነው። ዑመይር የተዘረጋለትን እጅ አየ። "ቢስሚላህ" ብሎ ከንፈሩን ወደ ቱባው መለሰ። ወፍራሙ ድምፅ ብቻውን ወጣ፤ መጀመሪያ ሻከረ፣ ከዚያ ቀና። ምንተስኖት እጁን አውርዶ፣ ሳይመራ፣ እንደ ሰው ሁሉ ቆሞ ሰማ።

ዑመይር ሲጨርስ ላቡን ጠረገ።

"በል፣ ሐቄ ደርሶኛል" አለው። "አሁን ቡም ቡሜን መልስልኝ።"