መምህር ትጃኒ ያላዩት ሰሌዳ

«ባባ፣ ዛሬ ፈተና የለብህም። የማይታይህን አይታየኝም ትላለህ፣ በቃ።»

ራውዳ ይህን ያለችው የአባቷን ክራቫት እያስተካከለች ነው።

መምህር ትጃኒ ጺማቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተዋል። ጆሯቸው ላይ የጃስሚን እንቡጥ ሰክተዋል…

«ለሐኪም ነው ለሰርግ?» አለቻቸው።

«ሰው ፊት ነው የምቀርበው» አሉ ኮስተር ብለው።

በወደብ ከተማዋ ማህዲያ ውስጥ በመንግሥት ትምህርት ቤት ሃያ ስድስት ዓመት ሂሳብ አስተምረዋል።

ከዚያ ዓይናቸው ደከመ… መጀመሪያ ሰሌዳው ጠፋ፣ ቀጥሎ የልጆቹ ፊት።

አሁን ባሕሩም፣ ግድግዳውም፣ ሰዉም አንድ ነጭ ብርሃን ነው። ወተት ውስጥ የሚሄዱ ይመስላቸዋል።

በአካል ጉዳት ጡረታ ወጡ።

ዘንድሮ ግን ደንቡ ተለወጠ። እንደ እሳቸው የወጣ መምህር ሁሉ እንደገና ይመርመር፣ «ማስተማር ይችላል» የተባለው ጡረታው ይቋረጥ ተባለ።

አባትና ልጅ ደግሞ የሚኖሩት በዚያች ጡረታ ነው።

ሐኪም ቤት ሲደርሱ ወረፋው ረጅም ነበር። በሙቀቱ የተነሳ የምርመራ ክፍሉ በር ተከፍቷል… የሚመረመሩት ሰዎች ድምፅ እስከ አግዳሚው ይሰማል።

«ኤን… ዜድ… ኦ…»

«ቀጣዩ መስመር?»

«ፒ… ኤች… ቲ…»

አንዱ ወጥቶ ሌላው ይገባል፤ ያንኑ የፊደል ሰሌዳ ያነባል።

መምህር ትጃኒ በሐሳብ ጭልጥ አሉ።

ክፍላቸው ውስጥ ናቸው… መስኮቱ ተከፍቷል፣ ባሕሩ ይሸታል፣ ሠላሳ ልጅ በአንድ ድምፅ ይደግማል። እሳቸውም አብረው በልባቸው ደገሙ። እንዴት ደስ ይል ነበር።

ስማቸው ሲጠራ አምስቱም መስመር በቃላቸው ነበር።

ራውዳ በሩ ላይ እጃቸውን ለቀቀች። «እውነቱን፣ ባባ።»

ገቡ። ብርሃኑ ወደሚሞቅበት ዞረው ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ሲዲ ትጃኒ፣ እስቲ ሰሌዳውን ያንብቡልኝ» አለች አንዲት ሴት ሐኪም፤ «ሲዲ» በአገሩ «ጌታዬ» ማለት ነው።

አይታየኝም ማለት ነበረባቸው። አንዲት ቃል ብቻ።

ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሌላውን ሲፈትኑ የኖሩ ሰው፣ ተጠይቀው «አላውቅም» ይበሉ? ምላሳቸው እምቢ አለ።

«ኤን፣ ዜድ፣ ኦ…»

እስከ መጨረሻዋ ደቃቅ መስመር ወረዱት።

ምን እንዳደረጉ የገባቸው ሲጨርሱ ነው። የቤት ኪራዩ፣ መድኃኒቱ፣ ውጭ የምትጠብቃቸው ራውዳ…

«አንድም አልሳቱም» አለች ሐኪሟ ቀስ ብላ።

«አዎ…» አሉ።

«ግን ሲዲ… ሰሌዳው ከጀርባዎ ነው ያለው። እርስዎ ያነበቡልኝ መስኮቱን ነው።»

መምህር ትጃኒ ወደ ኋላቸው ዞሩ።

«ታዲያ ፊደሎቹን ከየት አመጧቸው?» አለች ሐኪሟ።

«ውጭ ቁጭ ብዬ… ሌሎቹ ሲያነቡ ሰምቼ።»

«ኮርጀዋል ማለት ነው።»

አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ክፍል የኮረጀ ተማሪ ከሃያ ዜሮ ነው የሚያገኘው።»

«እንግዲያው እኔም ዜሮ ነው የምሰጥዎት» አለች። ብዕሯ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ሰሙ። «ጡረታዎ ይቀጥላል። አሁን ይቀመጡ፣ ብዙ ቆሙ እኮ።»

ክንዳቸውን ይዛ ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻቸው። ያኔ አለቀሱ… ዓይናቸው ከደከመ ጀምሮ ሰው ፊት ሲያለቅሱ የመጀመሪያቸው ነው።

ሲወጡ ራውዳ ተንደርድራ መጣች። «ምን ሆንክ ባባ?»

«ፈተናውን ወደቅኩ» አሉ እየሳቁ። «ወደ ቤት ውሰጂኝ።»

ወዳጆቼ… አልችልም ማለት ውርደት አይደለም። ጎበዝ ለመምሰል ብለን ስንት የሚያግዘንን እጅ ገፍተናል።

እናንተስ… እቤታችሁ ሳይታየው «ይታየኛል» የሚል፣ እያመመው «ደህና ነኝ» የሚል ማን አለ? ዛሬ ደውሉለትና ምን እንዳላችሁ ከታች አጫውቱን…