ሁለት ሰው የሰየመው

በሕጉ መሠረት፣ በውስጡ ካሉት ሰዎች ሁለቱ አንድ ዓይነት ስም ያልሰጡት ቪዲዮ በጳጉሜን የመጨረሻ ቀን፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ይሰረዛል። አይናዲስ ሁሉንም በቦታና በወር ነው የምትሰይመው። ዛሬ፣ በመጨረሻው ቀን ግን ወንድሟ ጸጋው በስልክ አሻፈረኝ አላት።

«እማዬን እንደ ዶሴ ‹ደሴ፣ ጥር› ልትያት ነው? ወንፊት እንደ ከበሮ እየመታች፣ እኔና አንቺ እያጨበጨብንላት ስትጨፍር እኮ ነው! ‹የእማዬ ወንፊት› በይው።»

«አንተ ደግሞ ሥርዓት አታውቅ!»

«እቱ፣ ፀሐይዋ እየጠለቀች ነው።»

እየሳቀች እሱ እንዳለው ጻፈች፤ ቪዲዮው ተረፈ።

አንድ ቀረ፦ እናቷ ጸጉሯን ስትሠራት፣ ሁለቱ ብቻ ያሉበት። እናቷ ካረፈች ወዲህ ሁለተኛ ሰያሚ የለውም።

«ጸጋዬ፣ ስልኩን አትዝጋ» አለችው። «ይሄን ሳይሰረዝ አብረን እንየው። ስረሳው የምታስታውሰኝ አንተ ነህ።»