ግንዱ ጎንደር፣ ቅጠሉ አምባ ጊዮርጊስ

የሻው ሰላምታውን በቅጡ ሳይጨርስ በረንዳው ላይ ተንበረከከ። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ የትነበርሽ ደንገጥ ብላ አየችው። ኮቱ ላይ ጋቢ የደረበ፣ ስድሳውን ያለፈ የጎንደር ሰው ለጫጩት ሲንበረከክ አይታ አታውቅም።

እሱ ግን ያየው ጫጩቶቹን ሳይሆን የተደፋባቸውን ነበር። አረንጓዴ የወይን ቅጠል፣ ሐምራዊ የወይን ዘለላ፤ ባለቀለም የመስታወት ቁርጥራጭ በቀጫጭን የእርሳስ ብረት እየተያያዘ የተሠራ የጠረጴዛ መብራት ቆብ፣ የጣሊያን ጊዜ። ከሥሩ ስምንት ጫጩቶች ተጠጋግተው ይንጫጫሉ፤ እናታቸው ቀይዋ ዶሮ ዙሪያውን ትዞራለች።

የሻው ጡረታ እስኪወጣ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። በየአሮጌው ቤት ሽቦ ሲቀይር የእንዲህ ያለ መብራት ፍቅር ያዘውና፣ ዛሬ ጎንደር ፀዳ ሰፈር ባለው ቤቱ ውስጥ ስድስት ተደርድረዋል። ሚስቱ ባንቺአየሁ ምሳ የምታቀርብበት ጠረጴዛ ካጣች ቆይታለች። «መብራት ይጠፋብናል እንጂ መብራትስ ሞልቶናል» ትላለች ለእንግዳ። ሰባተኛው ግን ግንድ ብቻ ነው፤ ቅጠል የሌለው፣ የተጠማዘዘ የናስ የወይን ግንድ። ከአሮጌ ብረት ክምር ውስጥ ፈልቅቆ ካወጣው ዐሥራ ስምንት ዓመት ሆነው። ባለፈው ሳምንት የቀድሞ ባልደረባው አላምረው እዚህ አምባ ጊዮርጊስ የትነበርሽ ቤት ቆጣሪ ሊገጥም ገብቶ፣ ይህን ቆብ አየና ፎቶ አንሥቶ በስልክ ላከለት። የሻው ግንዱን በቦርሳ ይዞ በማለዳው አውቶቡስ ከተፍ አለ።

የመጣበትን ሲነግራት የትነበርሽ ሳቀች። መስታወቱ በእርሳስ የተያያዘ መሆኑን ቢያስረዳት፣ በእርሳስ ሲጻፍ እንጂ ሲሰፋበት አልሰማሁም አለችው። ቆቡ የመጣው ከአማቷ ነው። የጣሊያን መንገድ ሠሪ ቤት ዘበኛ ነበሩ፤ ሰውዬው አገር ጥሎ ሲሄድ ይዘውት ገቡ። ስንት ዘመን ነጭ ሽንኩርት ሲቀመጥበት ኖሮ፣ ሁነኛ ሥራ ያገኘው በእሷ እጅ ነው።

«አልሰጥም፣ አያ የሻው» አለች፣ ሳትቆጣ። «ይህ የወገራ ብርድ ነው። ዱሮ ከዐሥሩ ሦስቱ ነበሩ የሚተርፉልኝ። ቅርጫት ብደፋባቸው ይጨልምባቸዋል፣ እናታቸውም ታብድብኛለች። ይህ ፀሐዩን ያስገባል፣ ጭላቱን ይከለክላል፤ ከባድ ስለሆነም ድመት አይገለብጠውም። ምነው፣ ለርስዎ ጌጥ ብዬ ጫጩቶቼን ልፍጅ?»

የሻው በልዋጩ አዲስ ቅርጫት አቀረበላት፣ የሽቦ ቤት ጨመረላት፣ በመጨረሻ የለበሰውን ጋቢ ሳይቀር እሰጣለሁ አለ። ራሷን ነቀነቀች። ክፉ ሴት ብትሆን ይሻለው ነበር፤ እውነቷን መሆኑ ነው ልቡን የሰበረው።

«እንግዲያውስ አንድ ጊዜ ልግጠመውና ልየው። ከዚያ እሄዳለሁ።»

«ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት» አለች የትነበርሽ። ዳሩ ግን ጉሙ ከዳገቱ እየወረደ ነበርና ጫጩቶቹ መግባታቸው አልቀረም። በነጠላዋ ሰብስባ ይዛቸው ገባች። የሻውም ቆቡን እንደ ሕፃን አቅፎ ተከተላት።

ቤቱ ውስጥ ጨለምለም ይላል። ግንዱን ከቦርሳው አውጥቶ መሬት ላይ አቆመና ቆቡን ጫነበት። ሦስቱ ቀዳዳዎች ከሦስቱ ብሎኖች ጋር ገጠሙ፤ አንደኛዋ ጠማማዋ እንኳ ሳትቀር። ከኪሱ አምፖል አወጣ፤ የዱሮውን ዓይነት፣ የሚግለውን። የዛሬዎቹ ለአሮጌ መስታወት አይሆኑም ባይ ነው። አጥብቆ ሲያበቃ የመብራቱን ገመድ ግድግዳው ላይ ያለው ሶኬት ላይ ሰካው።

ወይኑ በራ። የጭቃው ግድግዳ አረንጓዴና ሐምራዊ ሆነ።

«ይህን ሸጋ ነገር ነው ስደፋው የኖርሁት?» አለች የትነበርሽ ቀስ ብላ።

የሻው ከነጠላዋ የወረዱት ጫጩቶች በብርድ እየተንጫጩ መሬቱን ሲያስሱ ያያል። አንዷ ወደ መብራቱ ሮጠች። ከግንዱ ሥር ስትደርስ ቆመችና ዓይኗን ከደነች። ሌላዋ ተከተለች። ብዙም ሳይቆይ ስምንቱም እዚያው ክምር ብለው ዝም አሉ። ቀይዋ ዶሮ ገብታ አንድ ጊዜ ዞረቻቸውና አጠገባቸው ተኛች።

የትነበርሽ እጇን ወደ አምፖሉ አስጠግታ ሙቀቱን ሞከረች። ከዚያ እጇን ሰብስባ፣ አይቼ እሄዳለሁ ብለዋል፣ ቃል ቃል ነው፣ ይንቀሉትና አውቶቡሱ እንዳያመልጥዎ አለችው። ጎንበስ አለ። ጣቶቹ ሶኬቱን ነኩት። የአንዷ ጫጩት ጀርባ ላይ አረንጓዴ ቅጠል አርፏል፤ ስትተነፍስ ከፍ ዝቅ ይላል።

እጁን መለሰ። ዐሥራ ስምንት ዓመት የፈለገው ይህንኑ ማየት ነበር፤ አየው፤ ደስ አለው። ለየትነበርሽ አምፖሉ ሲቃጠል አላምረው የዱሮውን ዓይነት እንደሚያመጣላት፣ መብራት በጠፋ ቀን ደግሞ ቆቡን አንሥታ እንደ ልማዷ ፀሐይ ላይ እንድትደፋው ነገራት።

«ሊወስዱ መጥተው ሰጥተው ሊሄዱ ነው?»

«ሰባተኛው መብራቴ አምባ ጊዮርጊስ ነው ያለው እላለሁ። አልፎ አልፎ መጥቼ አየዋለሁ።»

ባዶውን ቦርሳ ሲያጣጥፍ ስልኩ ጠራ፤ ባንቺአየሁ ነበረች። አገኘኸው ወይ አለችው። አገኘሁት አላት። ገጠመ ወይ አለችው። ልክክ አለ አላት።

«ታዲያ የት ልታስቀምጠው ነው? እኔ እንደሆን ጠረጴዛ የለኝም።»

«አታስቢ፣ ቦታስ አግኝቷል» አላት፣ ጫጩቶቹን እንዳይቀሰቅስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።