ጭኔ ውስጥ ያለችው ጥይት

ሐኪሙ ከአንጎሌ ደም ሥሮች አንዱ እንደ ክር ሳይቀጥን አልቀረም ብሎ ኤምአርአይ አዘዘልኝ። «አጥርተን ካላየነው ድንገት ተዘግቶ ሽባ ሊያደርግዎት ይችላል» አለኝ። ባለቤቴ ይታክቱ ዘንቢሏን በነጠላ ሸፍና አብራኝ መጣች፤ ምሳዬን ይዛልኝ ነው ብዬ ምራቄን ዋጥኩ።

«አባቴ፣ ማሽኑ ማግኔት ነው፤ ሰውነትዎ ውስጥ ብረት ካለ አይገቡም» አለችኝ የማሽኑ ባለሙያ በሩ ላይ።

«ጭኑ ውስጥ ጥይት አለ» አለች ይታክቱ ቀደም ብላ። «ጦር ሜዳ ነው የተመታው። በሷ የተነሳ ያነክሳል፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ውሃ ቀድቶልኝ አያውቅም።»

«እንግዲያው አይቻልም» ብላ ባለሙያዋ ወረቀቴን መለሰችልኝ።

ያቺ ጥይት ለሰፈሩ ሰው ባወራሁ ቁጥር እያደገች መድፍ አክላለች። ደም ሥሬ ግን ያው ክር ነው።

«ጥይት የለም» አልኩ መሬት መሬቱን እያየሁ። «ጦር ሜዳም አልሄድኩም።»

«አስገቢው ልጄ» አለች ይታክቱ።

ስወጣ ሐኪሙ ምስሉን አይቶ፣ «ጠቧል እንጂ አልተዘጋም። መድኃኒት እሰጥዎታለሁ፤ ከእንግዲህ ግን ብዙ መንቀሳቀስ አለብዎት» አለኝ።

እፎይ ብዬ ምሳዬን ልበላ ዘንቢሉን ገለጥኩት። ውስጡ ሁለት ባዶ ጀሪካን ነበር።